አላውቀውም ያለችበት ቀን

ያ ጊዜ ሳል የሚደበቅበት ጊዜ ነበር። ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ከጠረገ ተሳፋሪው ሁሉ ማስኩን ወደ አፍንጫው ሳብ ያደርግና ፊቱን ወደ መስኮት ያዞራል። የእኛ ሰው ሳልና ፍቅር አይደበቅም ይላል፤ ሙርሺዳ ግን ሁለቱንም ደብቃ ከርማለች። ሳሉ እናቷ ባፈሉላት ዝንጅብል ለቀቃት። ፍቅሩ ግን ለዝንጅብል አልበገር አለ።

የምትወደው ልጅ ሙዘሚል ይባላል። የአባቷ ሠራተኛ ነው፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። አባቷ ጋሼ ሽኩር ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ፣ ዱርንፎንቴን ሰፈር ውስጥ የታወቀ የጅምላ መደብር አላቸው፤ ሰዉ ሆልሴሉ ይለዋል። ቤተሰቡ ከመደብሩ በላይ ፎቁ ላይ ይኖራል። ከታች የሚጫነው ዱቄት፣ ዘይትና ሳሙና ጋሼ ሽኩር በየሎኬሽኑ፣ ከከተማው ዳር ባሉት የድሆች ሰፈሮች፣ ወደከፈቷቸው ትንንሽ ስፓዛ ሱቆች ይሄዳል። ከሱቆቹ አንዱ ዳቬይተን ነው። ሙዘሚልን ያሳደገው ያ ሱቅ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። በልጅነቱ ከስልጤ ይዞት የመጣው አጎቱ ወደ ሀገር ሲመለስ እሱ ከነደብተሩ እዚያው ቀረ። ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ባንኮኒ፣ ማታ ከባንኮኒው ጀርባ ያለች ፍራሽ። በዚህ አኳኋን ማትሪክ ደረሰ።

ሙርሺዳም ማትሪክ የደረሰችው በዚያው ዓመት ነው፤ ትምህርት ቤት ዛሬ ተከፍቶ ነገ በሚዘጋበት በዚያ የወረርሽኝ ዓመት። ትምህርት ሲዘጋ አባቷ ወደ ሆልሴሉ አወረዷትና ለየሱቁ የሚጫነውን ዕቃ እንድታዘጋጅ አደረጓት። ለዳቬይተን በሚሄደው የሻማ ካርቶን ውስጥ ቁራጭ ወረቀት መክተት የጀመረችው ያኔ ነው። መጀመሪያ የሂሳብ ጥያቄ ነበር። ባዶው ካርቶን ሲመለስ መልሱን ይዞ ይመጣል። ጥያቄዎቹ እያደር ከሂሳብ ራቁ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማው ቶሎ ያልቃል፣ ካርቶኑም ቶሎ ይመላለሳል፤ በጆሃንስበርግ በመብራት መጥፋት የሚደሰት ሰው ቢኖር እነዚህ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ስልክ አይደዋወሉም። የሙዘሚልን ስልክ ሱቁ ሲዘረፍ ወስደውበታል፤ የቀረው የሱቁ ስልክ ነው። የሱቅ ስልክ ደግሞ የማንም አይደለም። ሠራተኛው ይቀያየራል፤ ቁጥሩን ግን ደንበኛውም ዕቃ አምጪውም ስለሚያውቀው ከሱቁ አይነቃነቅም። ሻጩን ከደንበኛው ከሚለየው የሽቦ አጥር ወዲህ፣ ደንበኛ በማይደርስበት ባንኮኒው ጥግ፣ እንዳይሰረቅ በገመድ ታስሮ ይኖራል። ጋሼ ሽኩርም ሲያሻቸው ይደውሉበታል። በእንዲህ ዓይነት ስልክ ፍቅር አይወራም።

ጋሼ ሽኩር ክፉ ሰው አይደሉም። ሙዘሚልን ይወዱታል፤ ለሰውም “አላህ የሰጠኝ ልጅ” እያሉ ነው የሚያወሩት። ነገር ግን አንድ ነጋዴ ልጁን ለገዛ ሠራተኛው ዳረ ሲባል ሰምተው እራት ላይ የተናገሩት ከሙርሺዳ ጆሮ አልወጣም።

“ከባንኮኒዬ ጀርባ ያቆምኩት ልጅ ሽማግሌ ቢልክብኝ ምን ብዬ ነው የምመልሰው? ልጄንም የማበላት እኔ፣ ባሏንም የማበላው እኔ? የራሱ እንጀራ ይኑረውና ከዚያ ይምጣ።”

እናቷ እትዬ ባህሪያ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩዋት። ሙርሺዳ ሳህኗን ይዛ ወደ ኩሽና ሄደች። በማግስቱ የአባቷን ቃል እንዳለ ጽፋ ካርቶኑ ውስጥ ከተተችው። መልሱ ሲመጣ ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ “ይኖረኛል። ጠብቂኝ።”

ውጤቱ ሲወጣ ሁለቱም አለፉ። የእሷ ማለፍ በኬክ ተከበረ፤ አባቷም የሂሳብ አያያዝ የምትማርበት የግል ኮሌጅ ከፍለው አስመዘገቧት። ለእሱ ጋሼ ሽኩር ዳቬይተን ድረስ ሄደው ትከሻውን መታ መታ አደረጉትና “በርታ፣ አሁን ትልቁን ሱቅ ትይዛለህ” አሉት። ከልባቸው ነው። ባይማርም ሱቅ፣ ተምሮም ሱቅ መሆኑ የታሰባቸው አይመስልም።

ሙዘሚል የሱቁን ደረጃ ያያል። ደረጃው ላይ ካቻምናና አምና ማትሪክ የጨረሱ የሰፈሩ ልጆች ተደርድረው ይውላሉ። ሲቪያቸውን በፕላስቲክ ይዘው ማለዳ ይወጣሉ፤ ረፋድ ላይ ጫማቸው አቧራ ለብሶ ይመለሳሉ። “ኤይታ ሲፖ፣ ዛሬም የለም” ይሉታል በሰፈሩ ሰላምታ። ደንበኛው ሁሉ የሚጠራው ሲፖ ብሎ ነው። “እነሱ መታወቂያ እያላቸው ካላገኙ” ብሎ ጻፈላት በአንዱ ወረቀት፣ “እኔ በአሳይለም፣ በጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ምን ላገኝ ነው? ወረቀቴም የሚታደስበት ቢሮ በሎክዳውን እንደተዘጋ ጊዜው አለፈበት። ተራዝሟል ይላሉ፤ ለአሠሪ ስታሳዪው ግን ገልብጦ አይቶ ይመልስልሻል።” ሙርሺዳ ይህን ወረቀት እንደሌሎቹ አልቀደደችውም። ትራሷ ሥር አድርጋ አለቀሰች።

*

ስለ ስልኩ ከመናገራችን በፊት ስለ አጎቷ እንናገር፤ አንዱ ያለ ሌላው አይገባም።

ሙርሺዳ ሕፃን ሳለች፣ ጥርሷ ገና እየወለቀ፣ ሁለት ሰዎች ወደ አባቷ መደብር መጡ። የለበሱት ንጹህ፣ ንግግራቸውም የተቆጠበ ነው። አንደኛው በርከክ ብሎ “ሚስባህ የሚባል ሰው ታውቂያለሽ?” አላት በእንግሊዝኛ። እንግሊዝኛ በመቻሏ የምትኮራበት ዕድሜ ነበር። “አውቀዋለሁ፣ አጎቴ ነው፣ ላይ ቤት ተኝቷል” አለች፤ አጥርታ፣ አስተማሪዋ እንዳስተማረቻት። ሰዎቹ አመስግነዋት ወደ ፎቅ ወጡ። አጎቷ የአንድ እግር ጫማውን ሳያስር ይዘውት ወረዱ። የመኖሪያ ወረቀት አልነበረውም፤ ከሳምንታት በኋላ ከሀገር ቤት ደወለ።

ማንም አልተቆጣትም። እናቷ ብቻ በዚያ ሰሞን ፀጉሯን እየሠሩላት፣ ፊቷን ሳያዩ፣ “ከእንግዲህ የማታውቂው ሰው ስም ጠርቶ ሲጠይቅሽ አላውቀውም በይ” አሏት። “የአባትሽንም ስም ቢጠራ።” ይህ የእትዬ ባህሪያ ብልሃት ብቻ አይደለም፤ በዚያ ከተማ የእኛ ሰው ሁሉ ሕግ ነው። ለአዲስ መጪ ከዋጋ ስም እኩል የሚነገረው ይኸው ነው።

የማትሪክ ውጤት በወጣበት ዓመት፣ በመጋቢት፣ ኮዝሞ ሲቲ ያለው የሌላኛው ሱቅ ጠባቂ ኮሮና ይዞት ተኛ። ጋሼ ሽኩር ሙዘሚልን አንስተው በአንድ እሑድ ወደዚያ ወሰዱት። ዳቬይተን በእሱ ቦታ ዱባለ የሚባል የሆሳዕና ልጅ ገባ፤ መዝሙር እያንጎራጎረ የሚሠራ፣ እንግሊዝኛው ከዋጋ የማያልፍ። የሱቁ ስልክ እንደ ልማዱ እዚያው ቀረ፤ የወረቀቱ ካርቶን ግን ሙዘሚልን ተከትሎ ወደ ኮዝሞ ሲቲ መመላለስ ጀመረ።

ከዚያ ሾፌሩም ታመመ። ጋሼ ሽኩር መኪናውን ራሳቸው ይዘው ዕቃ ሊያደርሱ ሲወጡ ሙርሺዳን አስከተሏት። ዳቬይተን ሲደርሱ ዱባለ ዕቃ ሊያወርድ ወጣ፤ አባቷ መኪናው ጥግ ቆመው ከአንድ ዕቃ አምጪ ጋር ይነታረካሉ። እሷ ባንኮኒው ጀርባ ገብታ ቆመች። ይህ የሙዘሚል ቦታ ነው። ክርኑን የሚያሳርፍበት እንጨት ለስልሷል። እጇን እዚያ ላይ አድርጋ ሳለች ስልኩ ጮኸ።

“እንደምን አደሩ። ሙዘሚል ኑሪን ፈልጌ ነበር።”

የሴት ድምፅ ነው፤ የተረጋጋ የቢሮ እንግሊዝኛ። ከበስተጀርባ ሌላ ስልክ ይጮሃል። ሙሉ ስሙን በዚህ ሀገር ማን ያውቀዋል? ለደንበኛው ሲፖ ነው፤ ሙሉ ስሙ ያለው ጊዜው ባለፈበት ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

“ማን ልበል?” አለች።

“ከቢሮ ነው። ከራሱ ጋር ነው የምነጋገረው። አሁን የት ነው የሚኖረው? የምናገኝበት አድራሻ ታውቂያለሽ?”

የት ነው የሚኖረው። ያ በርከክ ያለው ሰውዬ ፊት ተመልሶ መጣባት፤ ፈገግታው ሳይቀር።

“አላውቀውም” አለች። “እንደዚህ የሚባል ሰው እዚህ የለም።”

“እርግጠኛ ነሽ? ይህን ቁጥር የሰጠን እሱ ራሱ ነው።”

“እርግጠኛ ነኝ ማም። አላውቀውም።” ሴትዮዋ ሌላ ነገር ስትጀምር ዘጋችባት።

ልቧን ደስ አለው። እውነቱን ለመናገር በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ኮርታ አታውቅም። አጎቷን በአፏ አሳልፋ ሰጥታለች፤ የምትወደውን ግን በአፏ አዳነችው። ወደ ቤት ሲመለሱ አባቷ “ምን ያስቅሻል?” ብለው ጠየቋት።

ማታ ወረቀት አወጣች። “ሰዎች በስልክ ፈልገውሃል፣ ተጠንቀቅ” ብላ ጻፈች። መልሳ አነበበችው። ባለፈው ወር አንድ የጀርሚስተን ልጅ እንዲህ ያለ ወሬ ሰምቶ በዚያው ምሽት ኬፕታውን ገብቷል፤ እስከዛሬ አልተመለሰም። ሙዘሚልም ሰምቶ ቢሄድስ? ወረቀቱን ቀደደችና በሌላው “ኮዝሞ ሲቲ እንዴት ነው? ሻማው ይበቃሃል?” ብላ ጻፈች። ስልኩን የዘጋችው ለእሱ ብላ ነው። ወረቀቱን የቀደደችው ግን ለራሷ ብላ ነው። ይህን ልዩነት ያን ማታ አላየችውም። ተረጋግታ ተኛች።

*

በኢድ ቀን ሙዘሚል እንኳን አደረሳችሁ ሊል ወደ ዱርንፎንቴን መጣ። ነጭ ጀለቢያ ለብሷል፣ ማስኩም ነጭ ነው። ጋሼ ሽኩር ሊያቅፉት እጃቸውን ዘርግተው ወረርሽኙ ትዝ ሲላቸው ክርናቸውን ሰጡት። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ሙርሺዳ ያየችው ከማስኩ በላይ ያሉትን ዓይኖቹን ብቻ ነው። ዱሮ ሲያያት ቶሎ ይሰብራቸው ነበር። ዛሬ አልሰበራቸውም፤ እንደ እንግዳ ሰው ትክ ብሎ አያት።

“ሙዘሚል፣ ጣራው ላይ የተሰጣውን ምንጣፍ አውርድልን፣ እንግዳ መቀመጫ አጣ” አሉ ጋሼ ሽኩር። “ሙርሺዳ፣ የቱ እንደሆነ አሳዪው።”

ጣራው ላይ ከነፋሱና ከገመዱ በቀር ማንም አልነበረም። ከታች የመኪና ጡሩንባና የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

“ከስተሻል” አላት።

“ረመዳን ነው የወጣው።”

“ለእኔም ረመዳን ነበር፤ ግን አልከሳሁም። የኮዝሞ ሲቲ ዳቦ ጥሩ ነው።” ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ ከዓይኑ አልደረሰም። የምንጣፉን ጫፍ ይዞ ቆመ። “አንድ ነገር ደብቄሽ ነበር።”

“ምን?”

“ቤኖኒ ውስጥ ትልልቅ ፍሪጅ የሚጠግን ወርክሾፕ አለ። ማትሪክ የጨረሱ ልጆችን ወስዶ ዓመት ያሠለጥናል፣ ደሞዝም ይከፍላል። ስንት ቦታ አመለከትኩ መሰለሽ፤ በአሳይለም ወረቀትም እንቀበላለን ያሉኝ እነሱ ብቻ ናቸው። ተፈተንኩ። እንደውልልሃለን አሉኝ።”

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ቢቀርብኝ ማፈሬን እንዳታዪ ነዋ። ቢሳካ ደግሞ የመጀመሪያውን ፔይስሊፕ፣ የደሞዜን ወረቀት፣ ሻማው ካርቶን ውስጥ ልከትልሽ ነበር። ከዚያ ለአባትሽ ሽማግሌ። ይኸው ነበር ሐሳቤ።”

ሙርሺዳ ገመዱን ያዘች።

“ድንገት ኮዝሞ ሲቲ ስወሰድ ስልኩ ዳቬይተን ቀረ” አለ ሙዘሚል። “ለዱባለ አደራ ብዬው ነበር። በእንግሊዝኛ የሚጠይቀኝ ሰው ከደወለ፣ ኮዝሞ ሲቲ ነው በል ብዬ አስጠናሁት። ብጠብቅ ብጠብቅ ወሬ የለም። ያልፈለጉኝ መሰለኝና መደወሉን እንኳ አፈርኩት። ባለፈው ሰኞ ግን አላስችል አለኝና ራሴ ሄድኩ። ሴትዮዋ ስሜን ስነግራት አስታወሰችኝ። ‘ደውለን ነበር እኮ፣ አንዲት ልጅ አነሳችና አላውቀውም አለችን’ አለችኝ። ቦታውን ለሌላ ሰጥተውታል። ሰው ሲተርፋቸው ማን ብለው ሁለቴ ይደውላሉ?”

ያ የተረጋጋ ድምፅ፣ ከበስተጀርባ የሚጮኸው ሌላ ስልክ፣ ሁሉም ባንዴ ተመለሰባት። የወርክሾፕ ቢሮ ነበር። ስልክ የሚጮህበት፣ ሰው ወደ ሥራ የሚጠራበት ቢሮ።

“ማን ትመስልሻለች?” አላት ሙዘሚል። ድምፁ ልስልስ ያለ ነው። ጊዜም ሰጣት፤ ምንጣፉን ቀስ ብሎ እያጠፈ፣ እያቃና፣ ጠበቃት።

እኔ ነኝ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ነገር ግን የዓመት ልፋቱን፣ የሽማግሌውን ነገር፣ ካርቶን ውስጥ ሊመጣላት የነበረውን ወረቀት ሁሉ በአንድ ቃል እንዳጠፋችው ሲገባት አንደበቷ ፈራ።

“ከደንበኞቹ አንዷ ትሆናለች” አለች። “ዱባለ ሲዘናጋ ባንኮኒ ላይ ያለ ስልክ ማንም ያነሳዋል።”

ሙዘሚል ማጠፉን አቆመ።

“ስልኩ ከሽቦው ወዲህ ነው ያለው፣ ሙርሺዳ። በገመድ ታስሮ።” ቀና ብሎ አላያትም። “ዱባለም ነግሮኛል። ያን ቀን እሱ ዕቃ ሲያወርድ ባንኮኒው ጋ የነበርሽው አንቺ ነሽ።”

“ታውቅ ነበር” አለች። “ታዲያ ለምን ጠየቅኸኝ?”

“እንድትነግሪኝ።”

እንባዋ ማስኳን አራሰው። ያኔ ሁሉንም አወጣችው፤ በርከክ ያለውን ሰውዬ፣ የአጎቷን ያልታሰረ ጫማ፣ የት ነው የሚኖረው ያለችውን ሴትዮ። “ሊወስዱህ መስሎኝ ነው። ወላሂ፣ ሊወስዱህ መስሎኝ።”

“አውቃለሁ” አላት። “አጎቴ መጀመሪያ ያስተማረኝ እንግሊዝኛ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሄሎ ማለት ሳልችል ነው አላውቀውም ማለት የቻልኩት። ስልኩን እኔ አንስቼ አንቺን ቢጠይቁኝ ያንኑ እል ነበር። በስልኩ አልተቀየምኩሽም።”

“ታዲያ በምንድን ነው?”

“በካርቶኑ። ከመጋቢት ወዲህ ስንት ጊዜ ተመላለሰ? ሻማው ይበቃሃል ወይ ብለሽ ጽፈሽልኛል። አንድ ቀን፣ ሰው ፈልጎህ ነበር ብትዪኝ፣ በነጋታው ደውዬ አገኛቸው ነበር። እኔም አጥፍቻለሁ፤ ቀድሜ ብነግርሽ ድምፅዋን ስትሰሚ ታውቂያት ነበር። የእኔን ጥፋት አልካድኩም።” ምንጣፉን ትከሻው ላይ አደረገ። “ያስከፋኝ ዛሬም አላውቅም ማለትሽ ነው። ዛሬ የጠየቅኩሽ እኔ ነኝ።”

“እንዳትሄድብኝ ፈርቼ ነው የደበቅኩት” አለች ሙርሺዳ። “እንደዚያ እንደ ጀርሚስተኑ ልጅ።”

“ይኸው አሁን እሄዳለሁ” አለ። በቁጣ አይደለም የተናገረው፤ በቁጣ ቢሆን ይቀላት ነበር። “ፖሎኳኔ ሀቢሶ የሚባል ጓደኛዬ ሱቅ ከፍቷል፣ ና አብረን እንሥራ ብሎኛል። ከአባትሽ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ አንቺን ላገባሽም ልረሳሽም አልችልም።”

ጠብቂኝ ይለኛል ብላ ጠበቀች። አንድ ጊዜ ብሏታልና ሁለተኛ የሚላት መሰላት። ከታች የጋሼ ሽኩር ድምፅ፣ “ያ ምንጣፍ የት ቀረ?” እያለ ወጣ። ሙዘሚል “መጣሁ ጋሼ” ብሎ መልሶ ደረጃውን ወረደ። እሷ ባዶውን ገመድ እንደያዘች ቀረች፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንደ እሷ ላለው መሆኑ ገባት።

*

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ጊዜው ግን ማንንም ሳይጠብቅ ይሄዳል። ሙርሺዳ የስድስት ወሩን የሂሳብ አያያዝ ትምህርቷን ጨረሰች። የምስክር ወረቀቷን ይዛ በየቢሮው ማመልከቻ አስገባች። ፈገግ ብለው ይቀበሏታል፣ ወረቀቷን ያያሉ፣ እንደውልልሻለን ይሏታል። ስልኳን ከእጇ ሳትለይ ትጠብቃለች። ሲጮህ ማን እንደሆነ ሳታይ ነው የምታነሳው። መደወልን መጠበቅ ምን እንደሆነ እንዲህ ተማረችው፤ ሙዘሚል ያለፈበትን እየደጋገመች አለፈችበት። በመጨረሻ አባቷ “ምን ያንገላታሻል፣ የእኔ ሱቅ አለ አይደል” አሏትና በየሱቁ እየዞረች የገባ የወጣ ዕቃ መያዝ ጀመረች።

በተከታዩ ዓመት ጥር ላይ ዳቬይተን ሳለች የሱቁ ስልክ ጮኸ። ዱባለ ደረጃው ላይ ከተቀመጡት ልጆች ለአንዱ የስልክ ካርድ እየሸጠ ነበር። እሷ አነሳችው።

“እንደምን ዋሉ። ሙዘሚል ኑሪን ፈልጌ ነበር።”

ያው ድምፅ ነው። ከበስተጀርባው ያው ስልክ ይጮሃል።

“አውቀዋለሁ” አለች ሙርሺዳ። በችኮላ አለችው፤ ሴትዮዋ እንዳትዘጋባት የፈራች ይመስል። “በደንብ አውቀዋለሁ።”

“እሰይ። አምና መጥቶ ሲጠይቅ ስሙን ለዘንድሮ ይዘንለት ነበር፤ ያለን ቁጥር ይኸው ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት ይምጣ። ካልመጣ ቦታው ለሌላ ነው። የት ነው የሚኖረው አሁን?”

ሙርሺዳ አፏን ከፈተች። ፖሎኳኔ ትልቅ ከተማ ነው። ከኢድ ወዲህ ቁራጭ ወረቀት አላየችም፤ ለመጠየቅም ፊት አልነበራትም። በዚህኛው ጊዜ የማታውቀው እውነቷን ነው።

“አገኘዋለሁ” አለች። “ሰኞ ይመጣል።”

ዱባለ ለቤተ ክርስቲያኑ ወገኖች ደወለ፣ እነሱም ለሌላ ደወሉ። ከሰዓት በኋላ የሀቢሶ ሱቅ ቁጥር ተገኘ። ደወለች። የማታውቀው ወንድ አነሳ።

“ሙዘሚልን ፈልጌ ነበር” አለች በአማርኛ። “ሙዘሚል ኑሪን።”

ልጁ፣ “አላውቀውም እህቴ። እንደዚህ የሚባል ሰው እዚህ የለም” አለ።

ሳቅና እንባ ባንድ ላይ መጣባት። እንዴት አድርጎ በደንብ ተናገረው፤ ልክ እንደ እሷ፣ ሳይንቀጠቀጥ። እዚያ ለመኖሩ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላስፈለጋትም።

“እንዳላወቅኸው ገብቶኛል” አለችው። “ግን ስማኝ፣ አትዝጋ። የቤኖኒው ወርክሾፕ ቦታውን ይዞለታል። ሰኞ ጠዋት ይፈልጉታል። ካልሄደ ለሌላ ይሰጣል። ሰኞ ጠዋት፣ ሰማኸኝ?”

ልጁ አልዘጋም። ሲተነፍስ ይሰማታል።

“እኔ እንኳ አላውቀውም” አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ግን ድንገት በዚህ ካለፈ… ማን ደወለ ልበለው?”

ሙርሺዳ ዓይኗን ጨፈነች። ስሟን ብትናገር ምናልባት ልቡ ይመለሳል። ምናልባት ደግሞ ለእርቅ የፈጠረችው ሰበብ መስሎት፣ ወይም ከእሷ እጅ መቀበሉ ከብዶት ይቀራል። ልብ ሄዶ ይመለስ ይሆናል፤ ሰኞ ግን አይመለስም። ስሟን ዋጠችው።

“ከቢሮ ነው በለው” አለች።

ሰኞ መጣ፣ ሄደ። እሷ ለማንም አልደወለችም፣ ማንንም አልጠየቀችም። ክረምት ሊገባ ሲል፣ አንድ ጠዋት፣ ዱባለ የዳቦ ሣጥን ታቅፎ ወደ ሱቁ ገባ። ፊቱ በርቷል።

“እህት ሙርሺዳ፣ ማንን እንዳገኘሁ ታውቂያለሽ? ሙዘሚልን። ቤኖኒ ታክሲ መቆሚያው ጋ። ሰማያዊ ቱታ ለብሶ፣ በደረቱ ላይ ስሙ ተጽፎበት። ሙሉ ስሙ። ሰው ሆኗል በይኝ።”

ሙርሺዳ የሻማ ካርቶን እየከፈተች ነበር። እጇ እዚያው ላይ ቀረ። “ጎሽ” አለች። “ምን አለ ታዲያ?”

“ኧረ ያልጠየቀኝ የለም። ጋሼ ደህና ናቸው ወይ አለ። እትዬ ባህሪያን ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይ አለ። ደረጃው ላይ የሚቀመጡት ልጆች ሥራ አገኙ ወይ አለ። ያ አሮጌ ፍሪጅ ሳይቀር አሁንም ይንጫጫል ወይ ብሎኛል።”

ሙርሺዳ ቀና አላለችም። ከፍሪጁ ቀጥሎ የሚመጣ ስም ካለ ብላ ጠበቀች።

ዱባለ መዝሙሩን እያንጎራጎረ ዳቦውን መደርደር ጀመረ።